የሌሊት ፈረቃ በሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) መቆጣጠሪያ ክፍል፦ ከርክክብ እስከ ጠዋት እንቅልፍ

ጅማና አካባቢዋ ባሉ ጣቢያዎች የሚመደቡ አዳዲስ ኦፕሬተሮች ትምህርቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። ዲስታንስ ሪሌይ (የመስመር ጥፋትን አይቶ ርቀቱን የሚገምት መከላከያ) እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቋቸው ሥዕል ስለው ያስረዷችኋል። ሌሊት ላይ የሚሳሳቱት ግን ሌላ ቦታ ነው። ርክክቡን በጥድፊያ ያልፉታል። ሰዓት ይምታታባቸዋል። ላይን (የኃይል መስመር) ትሪፕ ሲያደርግ፣ ማለትም በጥፋት ራሱን ሲያቋርጥ፣ ደግሞ ያዩትን ሳይጽፉ ምልክቶቹን የሚያጠፋውን ሪሴት ይጫናሉ።

ስለዚህ እዚህ የምናተኩረው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን። የጣቢያችሁ የኦፕሬሽን መመሪያና ይህ ጽሑፍ ከተጋጩ መመሪያውን ተከተሉ።

ደረጃ 1፦ ቀን ላይ ተዘጋጁ

የሌሊት ሥራ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ነው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው፣ ንቃቱና የእጁ ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ተለክቷል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ ቀኑን በእግራችሁ ስትዞሩ ከዋላችሁ፣ እዚያ የምትደርሱት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ገና ግማሹ ሌሊት ይቀራችኋል።

1. ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኙ። እንቅልፍ እምቢ ካለ መስኮቱን ጋርዳችሁ ጋደም በሉ። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት።

2. ዋናውን ራት ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። ለሌሊት ቀለል ያለ ያዙ፦ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ። ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብላት እንቅልፍን በስሙ መጥራት ነው።

3. ሁለት የእጅ ባትሪ ያዙ። የስልክ መብራት አይቆጠርም። ዝናብ ላይ ስልኩን በአፋችሁ ነክሳችሁ የዘይት መጠን ማንበብ አትችሉም።

4. ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና ሹራብ ያዙ። ጃንጥላ አትያዙ። ምክንያቱ ደረጃ 7 ላይ አለ።

5. ቡናውን በፔርሙስ ያዙ፤ ሰዓቱን ግን ወስኑ። ካፌይን ከጠጣችሁት ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመተኛት ካሰባችሁ የመጨረሻው ሲኒ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይለፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ጫት በግልጽ እንነጋገር፤ አገሩ ጅማ ነውና። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፣ እውነት ነው። ግን አብሮ የሚያመጣው "ችግር የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ" የሚል ስሜት ለዚህ ሥራ መርዝ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ የሚመጣው በጣም ንቁ መሆን በሚገባችሁ ሰዓት ነው። በማግስቱም የቀን እንቅልፋችሁን ይነጥቃችኋል። ለሌሊት ፈረቃ አትቃሙ።

ደረጃ 2፦ ርክክብ

ፈረቃው ከሚጀምርበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መዝገቡን አንብቡ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ሳይሆን እናንተ ከወጣችሁበት ፈረቃ ጀምሮ ያለውን። ሁለት ቀን ዕረፍት ላይ ከነበራችሁ የሁለት ቀኑን።

2. ከሚወጣው ሰው ጋር ቆማችሁ ፓኔሎቹን አንድ በአንድ እለፉ። ተቀምጦ ርክክብ የለም። እያንዳንዱን ብሬከር (ሎድ ላይ የሚቆርጠውን)፣ አይሶሌተር (ኃይል ከተቆረጠ በኋላ የሚለየውን) እና ኧርዝ ስዊች (ከመሬት የሚያገናኘውን) ከግድግዳው ንድፍ ጋር አስተያዩ። ንድፉ ክፍት (የተቋረጠ) የሚለው ስክሪኑ ላይ ዝግ (የተገናኘ) ሆኖ ከታየ እዚያው ቁሙ።

3. እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ፦ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ዕቃ አለ? ላይን ላይ ወይም ያርድ (ዕቃዎቹ ያሉበት ግቢ) ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ? ያልተዘጋ የሥራ ፈቃድ አለ? ኦቶሪክሎዝ (ከትሪፕ በኋላ ላይኑን በራሱ መልሶ የሚያገናኘው) የጠፋበት ላይን አለ? ከዲስፓች (መረቡን ከሚያዘው ማዕከል) ጋር "ሌሊት እንነጋገራለን" የተባለ ጉዳይ አለ?

4. ተንቀሳቃሽ ኧርዞችን ቁጠሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኧርዝ ስዊች ስክሪን ላይ ይታያል፤ በእጅ የሚንጠለጠለው የኧርዝ ገመድ ግን አይታይም። ማስቀመጫው ላይ ባዶ መስቀያ ካለ ገመዱ የት እንደታሰረ በቃል ሳይሆን በመዝገብ ይታወቅ። ኧርዝ የታሰረበት ላይን ላይ ብሬከር ክሎዝ ማድረግ (መዝጋት) የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ስሕተት ነው።

5. በርተው የቆዩ አላርሞችን ምክንያታቸውን ጠይቁ። "እሱ ሁሌም ይበራል" መልስ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ? ለጥገና ተነግሯል? ምክንያቱ ካልታወቀ አዲስ አላርም እንደሆነ ቁጠሩት።

6. የዲሲ ቮልቴጁን (ለሪሌይና ለብሬከር ከባትሪ የሚመጣውን)፣ የባትሪ ቻርጀሩንና የጄኔሬተሩን ነዳጅ በዓይናችሁ እዩ።

7. ዲስፓች ደውሉ። ስማችሁን ንገሯቸው፣ ከአገልግሎት ውጭ ያሉትን ዕቃዎች አንብቡላቸው፣ እነሱ ጋር ካለው ጋር ይመሳከር።

8. ፊርማ መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ ሲበላሽ

የሚወጣው ሰው ሊቸኩል ይችላል። ሰርቪሱ ውጭ ጥሩንባ እየነፋ ነው፣ እሱም ደክሞታል። በዕድሜ ከበለጣችሁ ደግሞ "ቆይ" ማለት ይከብዳል። እንዲህ በሉ፦ "ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ፊደር 3ን አብረን እንያትና ይሂዱ።" (ፊደር ወደ ከተማው ኃይል የሚያወጣ መስመር ነው።) በጥቅሉ "እንያቸው" ከማለት አንድ ዕቃ ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል፤ እምቢ ለማለት አይመችም። ያም ሆኖ ከሄዱ ያላያችሁትን ዕቃ "አብሬ አላየሁም" ብላችሁ ጻፉና ብቻችሁን አረጋግጡ።

ርክክብ መሀል ላይ ትሪፕ ከመጣ የሚሠራው የሚወጣው ሰው ነው። የሚገባው ሰው ይጽፋል። ሁለት ሰው አንድ ጊዜ ቁልፍ አይነካም።

ጠዋት ተረኛው ካልመጣ ክፍሉን ባዶ አትተዉ። ለፈረቃ ኃላፊው ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ ቆዩ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቶቹን አስታርቁ

በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዓት ሊኖር ይችላል። ግድግዳው ላይ የእኛ አቆጣጠር። ስካዳው (የመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር) ላይ 24 ሰዓት። አንዳንድ ሪሌይ ደግሞ ከእኛ በሦስት ሰዓት የሚዘገየውን ዓለም አቀፉን ሰዓት ይይዛል። አንድ ትሪፕ ግድግዳው ላይ ሌሊት 8:15፣ ስካዳው ላይ 02:15፣ ሪሌዩ ላይ 23:15 ይሆናል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጠዋት ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ትሪፖች ይመስሉታል።

1. ፈረቃ ስትጀምሩ ሦስቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ፦ ግድግዳ ማታ 2:05፣ ስካዳ 20:05፣ የላይን 1 ሪሌይ 17:05። ሪሌዩ ከስካዳው ጋር እኩል ካልሆነ ወይም ከእሱ ልክ በሦስት ሰዓት ካልዘገየ ሰዓቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ልዩነቱን መዝግቡ እንጂ ራሳችሁ አታስተካክሉት።

2. መዝገብ ላይ ሁሌም ሁለቱን ጻፉ፦ ሌሊት 8:15 (02:15)።

3. ቀኑንም ተጠንቀቁ። ስካዳው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል፤ ለእኛ ግን ገና ሌሊቱ ነው። "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ" ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን አስቀምጡ።

4. ስልክ ላይ "ሦስት ሰዓት" ብላችሁ አትተዉት። "ማታ ሦስት ሰዓት" በሉ። አለበለዚያ ሰሚው 03:00 ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ያ ደግሞ የእኛ ሌሊት 9 ነው።

የተሳሳተ ሰዓት ከጻፋችሁ በአንድ መስመር ሰርዙት፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፣ ፈርሙ። ነጭ ቀለም አትቀቡ፣ ገጽ አትቅደዱ። የተሰረዘ መስመር ማንንም አያስጠይቅም። የተቀደደ ገጽ ያስጠይቃል።

ደረጃ 4፦ የየሰዓቱ ንባብ

ቮልቴጅ፣ አምፔር፣ ሜጋ ዋት፣ ሜጋ ቫር፣ የዘይትና የዋይንዲንግ ሙቀት፣ የታፕ ቁጥር (የትራንስፎርመሩ የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃ)፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ዲሲ። መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ጻፉ፣ ከዚያ ያለፈውን ሰዓት እዩ። ያለፈውን ቀድማችሁ ካያችሁት ዓይናችሁ እሱኑ ያነባል። የሦስት ሰዓት ንባብ በአንድ ጊዜ ከምትሞሉማ ባትጽፉት ይሻላል።

ቁጥሩ ትርጉም እንዲሰጣችሁ የሌሊቱን ጠባይ ዕወቁት።

ከማታ 1 እስከ 4 ሰዓት ሎዱ (ሕዝቡ የሚወስደው ኃይል) ከፍተኛ ነው። መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከሁሉም በላይ ምጣዱ። የበዓል ዋዜማ ላይ ይብሳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሎዱ ይወርዳል፣ ቮልቴጁም ይወጣል። ረጅም ላይን ሎድ ሲያጣ ራሱ ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ ሪአክቲቭ ፓወር ስለሚያመነጭ ነው። ታፕ ቼንጀሩ ይህን ለማስተካከል ይንቀሳቀሳል። ታፑ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቮልቴጁ አሁንም ከፍ ካለ ለዲስፓች ንገሩ። በረመዳን ደግሞ ሌሊቱ ይለወጣል። ለሱሁር ቤቱ ሁሉ ስለሚነሳ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሎዱ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ጅማ ውስጥ ይህን ሳያውቁ ጥፋት የሚፈልጉ አሉ።

አሳሳቢዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሎዱ እየወረደ የዘይቱ ሙቀት ከወጣ። ማራገቢያዎቹ መሥራታቸውን እዩ፣ የትራንስፎርመሩን የራሱን ጌጅ ሄዳችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ደውሉ።

ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ትራንስፎርመሮች ታፕ ቁጥራቸው ከተለያየ። አንዱ ኦቶ ላይ ሌላው ማኑዋል ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው የሚዞር ከረንት ያሞቃቸዋል።

የዲሲ አላርም ከመጣ። ይሄ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስጥል ነው። ዲሲ ከሌለ ሪሌዩ አያይም፣ ብሬከሩም አይከፍትም። ላይን ላይ ጥፋት ቢመጣ ጣቢያው እያየ ይቃጠላል። ቻርጀሩ የኤሲ ምንጭ እንዳለው፣ ፍዩዝ ወይም ኤምሲቢ (ትንሹ መቁረጫ) እንዳልወረደ እዩ። በአምስት ደቂቃ ካልተመለሰ ለዲስፓችና ለጥገና ደውሉ። ባትሪው ለጊዜው ይይዛል፣ ግን ስንት ሰዓት እንደሚይዝ በግምት አትደገፉ።

ደረጃ 5፦ ትሪፕ ሲመጣ

ሆርኑ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ቀይ ይለብሳል፣ ስልኩ ወዲያው ይጠራል። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መብረቅ ያለበት ሌሊት ይበዛል። ስለዚህ ይህን ቅደም ተከተል በቃላችሁ ያዙት።

1. እጃችሁን ከቁልፍ አንሱ። ሰዓት እዩ። ጻፉ።

2. ሆርኑን ብቻ አጥፉ። ሪሴት አትንኩ። ሆርን ማጥፊያውና ሪሴቱ ጎን ለጎን በሆኑበት ፓኔል ላይ ብዙ መረጃ የጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው። ማስረጃው ከጠፋ ቡድኑ መቶ ኪሎ ሜትር ላይን በእግሩ ይፈልጋል።

3. ያበራውን ሁሉ ጻፉ። የትኛው ብሬከር? የትኛው ሪሌይ? የትኛው ፌዝ? ዞኑ (ሪሌዩ የሚጠብቀው የላይኑ ክፍል) ስንት ነው? ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይላል? ኦቶሪክሎዝ ሞክሮ ነበር? ሎክአውት (ብሬከሩ እንዳይመለስ የሚቆልፈው) ወድቋል? ፎቶ ማንሳት ከተፈቀደ አንሱ፤ ግን ፎቶው ጽሑፉን አይተካም።

4. የቀረውን እዩ። ባስባሩ (ላይኖቹ ሁሉ የሚገናኙበት አውታር) ቮልቴጅ አለው? ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ አካባቢ ነው? የቀረው ላይን ወይም ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኗል? አዲሶቹ ኦፕሬተሮች በወደቀው ላይ አፍጠው የተረፈው እየሞቀ መሆኑን ይረሳሉ።

5. ለዲስፓች ደውሉ። በአጭሩ፣ ከጻፋችሁት እያነበባችሁ። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

"ዲስፓች፣ ጅማ ነኝ። ሌሊት 8:15 ላይን 1 ትሪፕ አድርጓል። ዲስታንስ፣ ዞን 1፣ ፌዝ ቢ ከመሬት፣ 23 ኪሎ ሜትር። ሪክሎዝ ሞክሮ አልያዘም። ባስባሩ ቮልቴጅ አለው። እዚህ መብረቅ አለ።"

"ጅማ፣ ላይን 1፣ ሌሊት 8:15፣ ዞን 1፣ 23 ኪሎ ሜትር። ሪሴት አድርግና ጠብቀኝ።"

"ሪሴት አድርጌ እጠብቃለሁ። ብሬከሩን አልነካም።"

"ትክክል ነው።"

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አትዝለሉ። የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ፣ "ትክክል ነው" እስኪሏችሁ አትንቀሳቀሱ። "እሺ" ብቻውን መልስ አይደለም። ሁለት ሰዎች "እሺ" ተባብለው ሁለት የተለያየ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ።

6. እንደ ትሪፑ ዓይነት ተራመዱ።

ላይን ሲሆን፦ መልሶ መሞከር የዲስፓች ውሳኔ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለውን ጣቢያ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት ፊደር በኦቨርከረንት (ከልክ ያለፈ ከረንት) ወይም በኧርዝ ፎልት (ከመሬት መነካካት) ከወጣ፦ መመሪያችሁ ሙከራ ከፈቀደ የተፈቀደውን ብቻ ሞክሩ። ደግሞ ከወጣ በቃ። ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ተረኛ ቡድን አሳውቁ። ሽቦ ወድቋል የሚል ጥሪ ከመጣ ግን አንድም ሙከራ የለም።

ትራንስፎርመር በዲፈረንሻል፣ በቡኾልዝ ወይም በግፊት ሪሌይ (የራሱን የውስጥ ጥፋት በሚያዩት) ከወጣ፦ ሎክአውቱን አትንኩ። ጥፋቱ ትራንስፎርመሩ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከተማው ግማሹ ቢጨልም እንኳ ጥገና ሳያየው አይመለስም። ከላይ የሚደውልላችሁ ሰው ቢጫናችሁ "ትእዛዙን ከነስምዎ በመዝገብ ላይ እጽፋለሁ" በሉ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ግፊቱ ይረግባል።

ፊደሩ በአንደርፍሪኩዌንሲ (ፍሪኩዌንሲ ስለወረደ) ከወጣ፦ ፊደሩ ጤነኛ ነው። የጎደለው ኃይል ነው፤ ምናልባት ሩቅ የሆነ ጀነሬተር ወጥቷል። "ጤነኛ ከሆነማ ልመልሰው" ብላችሁ ሎድ ብትጨምሩ የሚወድቀውን ሲስተም ትገፉታላችሁ። ዲስፓች እስኪጠራችሁ ጠብቁ።

ብሬከሩ ክሎዝ አልል ካለ

ደጋግማችሁ አትጫኑ። የክሎዚንግ ኮይሉን ታቃጥላላችሁ። በቅደም ተከተል እዩ፦ መምረጫው ሎካል ላይ ነው ወይስ ሪሞት? ስፕሪንጉ ተጠቅልሏል? የኤስ ኤፍ 6 ጋዝ ግፊቱ ወርዶ ቆልፎታል? ሎክአውት አልተነሳም? ኢንተርሎኩ (የተሳሳተ ቅደም ተከተልን የሚከለክለው ቁልፍ) ምን ይላል? ኢንተርሎክ እምቢ ካለ በአብዛኛው እሱ ልክ ነው፣ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት። ሌሊት ብቻችሁን ሆናችሁ ኢንተርሎክ አትለፉ።

ስልኩ መደወሉን ካላቆመ

መብራት የጠፋበት ሁሉ ይደውላል፤ ከሂርማታም፣ ከመንደራም፣ የምታውቁት ሰውም። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ስልክ ይያዝ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የዲስፓችን መስመር አስቀድሙ። አንድ ጥሪ ግን ችላ አይባልም፦ "ሽቦ ወድቋል"። ሠፈሩንና የሚታወቅ ምልክት ጠይቁ፣ ቢያንስ 10 ሜትር እንዲርቁ ንገሯቸው፣ ሽቦው ሞቷል ብላችሁ አታረጋግጡላቸው።

ደረጃ 6፦ ሌሊት ማጥፋትና መመለስ

የታቀደ ሥራ ሌሊት ከመጣ የስዊቺንግ ወረቀቱን ከመጀመራችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ሲጠፋ፦ ብሬከር ኦፕን፣ ሦስቱም ፖሎች መከፈታቸውን በዓይን፣ አይሶሌተር ኦፕን፣ ቁልፍና ታግ፣ ቮልቴጅ አለመኖሩን በመሞከሪያ፣ ከዚያ ኧርዝ። ሲመለስ ተቃራኒው፤ ኧርዝ መጀመሪያ ይነሳል፣ ብሬከር መጨረሻ ክሎዝ ይላል። አይሶሌተር አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የሚያጠፋበት ነገር የለውም። ሎድ ላይ ከተከፈተ የሚወጣው እሳት ሰው ይበላል።

እያንዳንዱን እርምጃ ከሠራችሁ በኋላ ምልክት አድርጉ፣ ከመሥራታችሁ በፊት አይደለም። መሀል ላይ ስልክ መጥቶ ካቋረጣችሁ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። የመጨረሻውን እርምጃ እንደገና ፈትሹና ቀጥሉ።

ደረጃ 7፦ ወደ ያርድ መውጣት

መብረቅ እያለ አትውጡ። ካልቀረ ደግሞ ለዲስፓች ወይም ለጥበቃው ወጣሁ ብላችሁ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ተናግራችሁ ውጡ።

ሄልሜትና የሥራ ጫማ ልበሱ። ከራሳችሁ በላይ ምንም አታንሱ፦ ጃንጥላ፣ መሰላል፣ ረጅም ዱላ። ጃንጥላ የብረት ዘንግ ነው፣ ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ይገለብጠዋል። የኬብል ቦዩን ክዳን ሳታበሩ አትርገጡ። ሳር ባለበት ቦታ እባብም አለ። የሚጮኸውን ሁሉ ጥፋት አታድርጉት፤ ዝናብ ላይ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው) ሲንሾካሾክ የተለመደ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚሰማ ጠንከር ያለ ጩኸት ወይም ብልጭታ ካያችሁ ግን ቦታውን ጽፋችሁ ራቁ።

ደረጃ 8፦ ሁሉም ሲጨልም

ጣቢያው ቮልቴጅ ካጣ መጀመሪያ የድንገተኛ መብራቱንና ዲሲውን፣ ቀጥሎ ጄኔሬተሩን እዩ። ጊዜውን ጻፉ። ለዲስፓች "ባስባር ዜሮ ነው" ብላችሁ አሳውቁ፣ ከዚያ የጣቢያችሁን የመመለሻ ቅደም ተከተል አውጡ። የትኞቹ ብሬከሮች ኦፕን እንደሚደረጉ እዚያ ተጽፏል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ቮልቴጅ የሌለው ላይን የሞተ ላይን አይደለም። ግልገል ጊቤ በኩል ወይም ከሌላ አቅጣጫ በማንኛውም ሰከንድ ሊመጣ ይችላል። "አሁን ጠፍቷል፣ ያቺን ኢንሱሌተር እንጥረጋት" የሚል ሰው ካለ አስቁሙት።

ሲመለስ ሎዱን ቀስ በቀስ፣ ዲስፓች በፈቀደው መጠን መልሱ። ከረጅም መጥፋት በኋላ ፊደር ከወትሮው በላይ ይስባል፤ ፍሪጁም ምጣዱም አንድ ጊዜ ነው የሚነሳው።

ደረጃ 9፦ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት

ሰውነት በጣም የሚደክመው በዚህ ሰዓት ነው። ቀን ብትተኙም ይመጣል። መብራቱን ሙሉ አድርጉት። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ ፓኔሎቹን በእግር ዙሩ፣ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ። ሊቆይ የሚችል ስዊቺንግ ካለ ንጋት እንዲደረግ ዲስፓችን ጠይቁ። መልሱ እምቢ ከሆነ እያንዳንዱን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ በጣት አሳዩት።

ሁለት ሰው ካላችሁና መመሪያው ከፈቀደ በየተራ ሃያ ደቂቃ ማረፍ ይጠቅማል። ከሃያ ደቂቃ አታስረዝሙት። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ለሩብ ሰዓት ያህል ቁልፍ አይንካ፤ ዓይኑ ተከፍቷል እንጂ ጭንቅላቱ ገና ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው አይተኛም። መቆም ካቃታችሁ ለፈረቃ ኃላፊው ደውላችሁ ንገሩት። ያሳፍራል፤ ግን ጥፋት ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው ጥያቄ ያነሰ ነው።

ደረጃ 10፦ መውጣትና መተኛት

ርክክቡን እንደገባችሁበት አድርጉ። አሁን የሚቸኩለው ሰው እናንተ ናችሁ።

ሞተር ሳይክል እየነዳችሁ አትሂዱ። ሰርቪስ ከሌለ ባጃጅ ያዙ። የፀሐይ መነጽር ካላችሁ አድርጉ፤ የጠዋት ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል። ቤት ገብታችሁ ትንሽ ብሉና ወዲያው ተኙ። "አንድ ነገር ላድርግና" ካላችሁ ሰዓቱ አምስት ይሆናል።

መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል፣ ዝናብ ሲመጣም ያንኳኳል፤ ስለዚህ ዋናውን እንቅልፍ ጠዋት ላይ ጨርሱ። ለድምፅ ማጉያውና ለባጃጁ ጆሯችሁ ውስጥ ጥጥ አድርጉ።

ትልቁ ፈተና ሰው ነው። ቀን ቤት የዋለ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ገበያ ላኩት፣ ልጅ አስይዙት ይባላል። የፈረቃችሁን ሰሌዳ ለቤተሰብ በግልጽ ለጥፉ። ለእድሩም ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለቅሶ ቤት መድረስ ግድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፍ ስትነሱ ድረሱ፣ ሌሊቱን ለማደር ግን ሌላ የቤተሰብ ሰው ይተካችሁ። ስልኩ ላይ ለአንድ ቁጥር ብቻ ድምፅ ተዉ።

ከቀን እንቅልፍ በኋላም ለብዙ ቀን ራስ ምታት፣ የልብ መምታት ወይም እንቅልፍ እምቢ ማለት ካስቸገራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የፈረቃ ሠራተኛ መሆናችሁን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ለቀጣዩ ሌሊት ሳትተኙ ከቀራችሁ ደግሞ ፈረቃው ከመጀመሩ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድማችሁ ለኃላፊው ደውሉ፤ ተተኪ ለመፈለግ ያን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል።